የእማማ ኤሊ እንግዳ

ተረት ልጀምር? ጀምር ካላችሁኝ ጠጋ በሉ።

በአንድ ሐይቅ መሃል፣ ጀልባ በማይደርስባት ደሴት ላይ እማማ ኤሊ የሚባሉ ባልቴት ነበሩ። በየዓመቱ ክረምቱ ወጥቶ አደይ አበባ ሲፈነዳ፣ ከሩቅ አገር የሚመጡትን ወፎች ለማየት ከውሃው ዳር ካለው ድንጋይ ላይ ወጥተው ይቀመጣሉ።

በዚያ ዓመትም ጠዋት ላይ ሽመላዎች ሰማዩን ሞልተው መጡ። የደሴቲቱ እንስሳት ሁሉ ወጥተው እልል አሉ፤ ሽመላዎቹ ሲያልፉም ሁሉም ወደየቤቱ ገባ። እማማ ኤሊ ግን ንቅንቅ አላሉም።

«እማማ፣ ትልልቆቹ እኮ አለፉ። ከዚህ በኋላ ምን ሊያዩ ነው?» አላቸው ችኩሉ ቁራ።

«የሚመጣውን» አሉት።

ቁራም ስቆባቸው ሄደ።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል አውራ ጣት የምታህል ቢጫ ወፍ፣ ክንፏ ዝሎ ውሃውን እየነካች መጣች። ከድካሟ የተነሳ ደሴቷን ስላላየቻት ወደ ጥልቁ ልታልፍ ነበር። እማማ ኤሊ አንገታቸውን እስከ መጨረሻው አስረዝመው፣ «ነይ ልጄ! በዚህ ነው፣ ትንሽ ብቻ ቀረሽ!» ብለው ተጣሩ። ወፏም ድምፃቸውን ተከትላ ጀርባቸው ላይ ዱብ አለች።

በማግስቱ ጠዋት ቁራ ሲመጣ እማማ ኤሊ እዚያው ድንጋይ ላይ ናቸው።

«እሺ እማማ፣ እኛ ከገባን በኋላ ስንት አዩ?» ሲል ጮኸ።

«አንድ።»

«ቀኑን ሙሉ ተቀምጠው አንድ ብቻ?!»

«ኧረ ቀስ በል አንተ» አሉት እማማ ኤሊ በሹክሹክታ፣ «ገና አልነቃችም።»

ተረቴም እዚህ አርፋለች፤ ስትነሱ ኮቴ አታሰሙ።