ዓይን ተጨፍኖ የጸደቀው ድልድይ

አንድ ኦርቪል የሚባል የትምህርት ቤት ሰርቪስ ሾፌር በአንዲት ትንሽ የአሜሪካ ከተማ ይኖር ነበር። የከተማዋ ሰው በሁለት ፓርቲ የተከፈለ ነው፤ የአንዱ ምልክት ዝሆን፣ የሌላው አህያ። እኛ ዘንድ አህያ መባል ያጣላል፤ እነሱ ግን ደረታቸው ላይ ለጥፈውት በኩራት ይሄዳሉ።

የከተማዋ የእንጨት ድልድይ በስብሷል። ኦርቪል ጠዋት ጠዋት እዚያ ሲደርስ ሠላሳ ሁለቱን ልጆች ያወርድና በእግራቸው ያሻግራል። ከዚያ ተመልሶ ባዶውን አውቶቡስ እየጸለየ ይነዳል። "እኔ ብወድቅ አንድ ሰው ነኝ" ይላል።

ድልድዩ ይጠገን የሚል ሐሳብ ስድስት ዓመት ቀረበ፤ ስድስቴም ወደቀ። ዝሆኖቹ ሲያቀርቡት አህዮቹ ይቃወማሉ። በዓመቱ አህዮቹ ያንኑ ወረቀት ይዘው ሲመጡ ደግሞ ዝሆኖቹ "አገር ሊያጠፉ ነው!" ብለው ይጮኻሉ። በዚያች ከተማ ነገር የሚወሰነው አዳራሽ ተሰብስቦ እጅ በማውጣት ነው። ታዲያ ሰው ሁሉ መጀመሪያ ፊት ወንበር የተቀመጠውን የወገኑን አለቃ ያያል፤ አለቃው እጁን ካወጣ ያወጣል፣ ካላወጣ ይተዋል። ከአያቶቻቸው የወረሱት ልማድ ነው፤ ለምን ብሎ የጠየቀ አልነበረም።

በሰባተኛው ዓመት አንድ ሳንቃ ከአንዲት ተማሪ እግር ሥር ተሰበረ። ኦርቪል የቦርሳዋን ማንጠልጠያ ለቀም አድርጎ አተረፋት። የድልድዩ ሐሳብ ለሰባተኛ ጊዜ ወደሚቀርብበት ስብሰባ ሄደ።

"ክብርት ሰብሳቢ፣ አንድ ልመና አለኝ። ዛሬ ሁሉም ዓይኑን ጨፍኖ እጁን ያውጣ።"

አዳራሹ በሣቅ ፈረሰ።

"ታዲያ ማንን አይተን ልናወጣ ነው?" አለ አንዱ ከኋላ፣ ከልቡ ግራ ገብቶት።

"የልጅህን እግር" አለው ኦርቪል።

ሣቁ ቆመ። ሰብሳቢዋ አሮጊቷ ወይዘሮ ሃርየት ሁሉንም አስጨፈኑና "ድልድዩ ይጠገን የምትሉ!" አሉ። ቆጠሩ፤ ዓይናቸውን ስላላመኑ እንደገና ቆጠሩ።

"በሉ አሁን ግለጡ፤ እጃችሁን ግን እንዳታወርዱ።"

ሰዉ ዓይኑን ሲገልጥ አዳራሹ እጅ በእጅ ሆኗል። ሁለቱ አለቆች እንኳ እጃቸውን ሰቅለው፣ እንደተያዘ ሌባ ተፋጠጡ። ከዚያ ሁሉም እኩል ሣቀ።

ድልድዩ ተሠራ። ቀለሙ ግን እስከ ዛሬ አልተቀባም፤ ዝሆኖቹ እንደ ፓርቲያቸው ቀለም ቀይ ካልሆነ፣ አህዮቹም እንደ ፓርቲያቸው ሰማያዊ ካልሆነ ብለው እየተከራከሩ ነው። ይከራከሩ! ልጆቹ አውቶቡሳቸው ውስጥ ተቀምጠው እየዘፈኑ ይሻገራሉ።

ብዙ ጊዜ "የኔ አቋም" ብለን የምንሟገትለት ነገር፣ ከፊታችን የተቀመጠ ሰው እጅ ሆኖ ይገኛል። በሩቅ አገር ሰው መሣቅ ቀላል ነው። እርስዎስ? ባለፈው እጅዎን ሲያወጡ አስቀድመው ያዩት ማንን ነበር?