ለሺ እግሩ የወጣለት ስም

አንድ ሰው ነበር። ስሙ ይቅር። ሥራው በቅጠልና በግንድ ሥር የሚኖሩ ጥቃቅን ፍጥረታትን መመርመር ነበር። ማንም ያላወቀው ፍጥረት ሲገኝ አካሉን ይገልጻል፤ ከየትኛው ወገን እንደሆነ ይለያል፤ ስም ያወጣለታል። ሥራው መልካም ነው። ሰውየውም ሰነፍ አልነበረም።

ሥራውን ያስተማሩት መምህር ወንድይራድ የሚባሉ አዛውንት ናቸው። እኚህ መምህር በወጣትነታቸው ከአንድ ጥቅጥቅ ጫካ ጥቁር ሺ እግር አግኝተው ነበር። የትም ያልታየ ዓይነት። ግን ሴት ነበረች። የሺ እግር ዓይነት የሚለየው በወንዱ ነው፤ ወንዱ ከእግሮቹ መካከል ለመራቢያ የተለወጡ አሉት። የእነሱ ቅርጽ ካልታየ «አዲስ ነው» ቢባል የሚቀበል የለም።

መምህሩ ወንዱን ሲፈልጉ አረጁ። ጉልበታቸው ሲከዳቸው ተማሪያቸውን ጠሩት። «ዝናቡ እንደጀመረ ሂድ። የበሰበሰ ግንድ ገልብጥ» አሉት። ያለፉበትን ጫካ ሁሉ ነገሩት።

ሄደ። አገኘውም።

አልኮል ባለበት ብልቃጥ ከትቶ ይዞላቸው መጣ። መምህሩ ታመው ተኝተዋል። ብልቃጡን ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሡት።

«አንተ ሌባ!» አሉት ሺ እግሩን። «እዚያው ነበርክ ለካ!» እስኪያስላቸው ሳቁ።

ባለቤታቸው እትዬ አጸደ ከበሩ ላይ ቆመው ያያሉ። «ለትል እንዲህ ይሳቃል? እኔን ሲያገቡ እንኳ እንዲህ አልሳቁም።»

«ትል አይደለም አልኩሽ!»

«እግር ያበቀለ ትል ነዋ።»

እንግዲህ በዚህ ሙያ አንድ ልማድ አለ። አግኚው ፍጥረቱን በራሱ ስም መጥራቱ ነውር ነው። ሌላ ሰው ያከብርበታል። «በስሜ አድርግልኝ» ብሎ መጠየቅም ነውር ነው። ስለዚህ መምህሩ አልጠየቁም።

እትዬ አጸደ ግን ሲሸኙት በር ላይ ክንዱን ያዙት። «ልጄ፣ በእሳቸው ስም ታደርገዋለህ አይደል? እሳቸው ቢሞቱ አይጠይቁህም። ልጅ አልወለድን። ይቺ እንኳ መታሰቢያ ትሁናቸው።»

«ይኼ ጥያቄ አለው እንዴ፣ እትዬ?» አላቸው።

ሲላቸው ከልቡ ነበር። ይህን ልብ በሉ። ከልቡ ነበር።

በዚያው ሰሞን በመሥሪያ ቤቱ የክፍል ኃላፊነት ቦታ ተከፈተ። ሹመቱን የሚሰጡት አቶ ድልነሳው የሚባሉ አለቃ ናቸው። ሰውየው ጽሑፉን ጨርሷል፤ የአንገቱን ቀለበት፣ የእግሮቹን ጥንድ፣ ሁሉንም ገልጿል። የቀረው ስም ነው። ብዕሩን ይዞ ተቀመጠ። መምህሩ ይረዱኛል አለ። ሌላ ዓይነት ሳገኝ ለእሳቸው አደርገዋለሁ አለ። የአለቃውን ስም ጻፈ።

ታተመ። ይዞት ወደ አለቃው ቢሮ ገባ።

«ምንድን ነው ይኼ?»

«ሺ እግር ነው፣ ጌታዬ። አዲስ ነው። ለክብርዎ በስምዎ ተጠርቷል።»

አቶ ድልነሳው ገጹን አነበቡ። ፊታቸው ጠቆረ። «ሲነኩት ይጠቀለላል። የሚከረፋ ፈሳሽ ያወጣል። ይህን ሁሉ ጽፈህ ከላዩ የኔን ስም?»

«በእኛ ሙያ ትልቅ ክብር...»

«ሰርዘው!»

«አይሰረዝም፣ ጌታዬ። አንዴ ከታተመ ሕጉ አይፈቅድም። ከእንግዲህ ለዘላለም በዚህ ነው የሚጠራው።»

ወሬው ሳይውል ሳያድር ግቢውን አዳረሰ። «አለቃ ዛሬ እንዴት ዋሉ?» ሲባል፣ «ተጠቅልለው» ይባል ጀመር። ሹመቱን ሌላ ሰው ወሰደው።

ያን ጊዜ መምህሩ ትዝ አሉት። መቼም አይቀርምና ሄደ።

«ታተመ?» አሉት መምህሩ።

«ታተመ፣ ጋሼ።»

መነጽራቸውን አደረጉ። ቀስ ብለው አነበቡ። ስሙ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። እንደገና አነበቡት። ከዚያ ሥዕሉን ማየት ጀመሩ። «እግሩን አሳምረህ ሥለኸዋል» አሉ።

እትዬ አጸደ እጃቸውን በነጠላቸው እየጠረጉ መጡ። የፈረንጅ ፊደል አያነቡም። «የቱ ጋ ነው ስማቸው? እስቲ አሳየኝ» አሉት።



መምህሩ ጣታቸውን ዘረጉ። በአለቃው ስም ላይ አሳረፉት። «ይኸውልሽ» አሉ።

እትዬ አጸደ ጎንበስ ብለው ያን ስም ሳሙት። ቀና ብለው ተማሪውን ግንባሩን ሳሙት። «አያሳፍርህ፣ ልጄ። ለሰው እንደደረስክ ይድረሱልህ» ብለው መረቁት።

መምህሩ ያንኑ ዓመት ዐረፉ። ሰውየው ጫካውን እየተመላለሰ ሌላ አዲስ ዓይነት ፈለገ። አላገኘም።

ምእመናን ሆይ፣ ይህን ሰው ጠላችሁት? ፍጠኑና ጥሉት፤ ይቀላችኋል። ግን ንገሩኝ። የደከመላችሁ ማን ነው? መንገዱን ያሳያችሁ ማን ነው? እናንተስ ምስጋናችሁን ለማን ሰጣችሁት? ይሾመኛል ላላችሁት አይደለም? እሱስ ምን አደረገው? ናቀው። ሸተተኝ አለ።

የደከመላችሁ ሰው አይጠይቃችሁም። ባለመጠየቁ የረሳው ይመስላችኋል። አልረሳም። አንብቦታል፤ ሁለት ጊዜ አንብቦታል።

ነገር ግን ዛሬም አላጋለጣችሁም። ሚስቱ ስትጠይቀው፣ ጎረቤት ሲጠይቀው፣ ጣቱን በሌላ ሰው ስም ላይ አድርጎ «ይኸውላችሁ» ይላል። በእሱ ዝምታ ነው በሰው ፊት ቀና ብላችሁ የምትሄዱት። አንዳንዶቻችሁ እዚህ የተቀመጣችሁት በዚያ ዝምታ ነው።

እስትንፋሱ ሳለ ሂዱ። ሂዱና ጣቱን ከዚያ ላይ አንሡለት።