ከላስቲኩ ሥር ያደረው ውሃ

አንድ ሹፌር ነበረ። ይትባረክ፣ ለጠየቅኸኝ ጥያቄ መልሴ እሱ ነው። «ከወንድሜ ጋር ሦስት ጊዜ ታረቅን፤ ለምን መልሰን እንጣላለን?» ብለሃል። የእህታችሁ ሠርግ አሥራ ዘጠኝ ቀን ቀርቶታል፤ ወንድምህም አንተ ካለህ አልመጣም ብሏል። እንግዲህ ስማ።

ይህ ሹፌር ከደጋ ወደ ቆላ በሚወርድ መንገድ ላይ ሚኒባስ ይነዳ ነበር። ንጽሕናው የታወቀ ነው። የወለሉ ምንጣፍ እንዳይቆሽሽ ብሎ በላዩ ላስቲክ አስነጥፎ ዙሪያውን አስለጥፏል፤ ሥራ ሲጨርስም በየቀኑ ቱቦ ስቦ ወለሉን በውሃ ያጥባል። በዚያ መስመር ከሚሠሩት አሥራ አንድ መኪኖች እንደ እሱ መኪና የምታበራ አልነበረችም።

ክረምት ሲገባ ግን የፊት መስታወቷን ከውስጥ እንፋሎት ይይዘው ጀመር። ሹፌሩ በአንድ እጁ መሪ፣ በሌላው ጨርቅ ይዞ ይጠርጋል፤ ጠርጎ ሳይጨርስ መልሶ ይሸፈናል። ሳሙና ቀባው። ድንች ቆርጦ አሸው። አልሆነም።

«መስኮት ክፈቱ እንጂ! እስትንፋሳችሁ ነው!» ይላል።

«በዚህ ብርድ? ነፋስ መትቶን እንድንሞትልህ ነው?» ይሉታል ተሳፋሪዎቹ።

አንድ ቀን ቁልቁለቱ ላይ መስታወቱ እንደተሸፈነ፣ በቅሎ የሚነዳ ገበሬ ሊገጭ ሲል በአንድ ክንድ ልዩነት ሳተው። አሥራ አራት ሰው ጮኸ። ከኋላ የነበሩ አንዲት እናት፣ «ልጄ፣ መኪናህ ታምራለች፤ ነፍሴን ግን አልሰጥህም» ብለው እዚያው ወረዱ።

በማግስቱ መኪናዋን ወደ አንዲት መካኒክ ወሰዳት። ሴትዮዋ መስታወቱን አልነካችም።

«ጠዋት፣ ገና ሰው ሳይገባባት፣ መስታወቱ እንፋሎት ይዞ ታገኘዋለህ?» አለችው።

«አዎ።»

«እንግዲያ ሰው አትውቀስ። ውሃው አብሯት ነው የሚያድረው።»

በበሮቹና በመስታወቶቹ ላይ ከውጭ ውሃ አፈሰሰች፤ አንድ ጠብታ አልገባም። ከዚያ ገብታ ላስቲኩን በጉልበቷ ተጫነችው። ከጠርዙ ውሃ ፊን አለ።

«ወንድሜ፣ ዝናብ አይደለም ያስገባው። ታዲያ ማን አስገባው?»

ሹፌሩ ከዚያ ያደረገውን ሳስብ እስከ ዛሬ ደስ ይለኛል። መኪና ሊያሠሩ የመጡ ሌሎች ሹፌሮች ቆመው እያዩት «እኔ ነኝ» አለ። ከመካኒኳ ቢላዋ ተቀብሎም ያን የሚመካበትን ላስቲክ በገዛ እጁ ቀደደው። ከሥሩ ያለው ምንጣፍና ስፖንጅ ሻግቶ ነበር። አውጥቶ፣ ፀሐይ ብቅ ባለች ቁጥር እያሰጣ፣ ሥራ ፈትቶ በአራት ቀን አደረቀው። ከዚያ ወዲያ ወለሉን በተጨመቀ ጨርቅ ይወለውላል እንጂ ቱቦ አላስገባም። ለተሳፋሪዎቹ እስትንፋስ ደግሞ የራሱን መስኮት ሁለት ጣት ያህል ከፈተ። ብርዱን እሱ ቻለው፤ መንገዱም ታየው። እኚያ እናት ተመልሰው የተቀመጡት ከፊት ወንበር ላይ ነው።

ይትባረክ፣ መቁጠር ልማዴ እንደ ሆነ ታውቃለህ። በመጨረሻው እርቃችሁ ላይ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ነበርሁ። «አስተማርሁህ፣ አለበስሁህ» ስትለው ስምንት ጊዜ ቆጥሬአለሁ። ክፋት የለህም፤ ቂሙን የምታጥበው መስሎህ ነው። ወንድምህ ግን ያን ሁሉ ከሥሩ ይዞ ያድራል። እኛ ሽማግሌዎቹ መስታወት ስንጠርግ ነበር፤ ውሃውን የምታፈስሰው አንተ ነህ።

ነገ ብቻህን ሂድ። ጨርቅ የሚይዝልህ ሽማግሌ አያስፈልግም። ፊቱ ቢቀዘቅዝብህ ብርዱን ቻለው። «ይህን ሁሉ ማን አበላሸው?» ቢልህ ደግሞ ሹፌሩ ያለውን በለው።