የመምህር ላቀው ዓይኖች

በአንድ ወቅት፣ «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» የሚለው ተረት በደረሰባት አንዲት ከተማ፣ ሰው የማይበዛበት ቤተ መጻሕፍት ነበር። ከጀርባው ባለች ጠባብ ክፍል ሦስት ካታሎገሮች መጽሐፍ ይመዘግባሉ። ካታሎገር ማለት ሥራው ሲሰምር የሚያየው የሌለ፣ ሲበላሽ ብቻ ስሙ የሚነሣ ሰው ነው።

ታላቃቸው አምሳለ ናት። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ይህ የታሪክ ነው፣ ይህ የእርሻ ነው እያለች ለመጽሐፍ ሁሉ ቁጥር ስትሰጥ ኖራለች። ደረሰ ካርዱን ይጽፋል፤ ሕግ ካሉት ምሳውንም ይረሳል። ጌጡ ደግሞ ቁጥሩን ለጥፎ መጽሐፉን መደርደሪያ ላይ ያኖራል።

አምሳለን ውስጥ ውስጡን የሚበላት አንድ ነገር ነበር። መምህር ላቀው ኃይሉ የሚባሉ ሽማግሌ በዕድሜያቸው አንድ መጽሐፍ ጽፈው፣ የቀረቻቸውን አንዲት ቅጂ ለቤተ መጻሕፍቱ ሰጥተው ነበር። በየዓመቱ ጥቅምት ላይ ከዘራቸውን ይዘው ብቅ ይላሉ።

«ልጄ፣ መጽሐፌ አለች?»

አምሳለ እንደ ድሮው ልማዷ በራሳቸው ስም «ላ» የሚለውን መሳቢያ ስባ ትፈልጋለች። ካርዱ የለም። ጠፋች ልትል አፏ እምቢ ይላታል። «አንባቢ ወስዷታል፣ መምህር።»

«ዘንድሮም? ተመስገን!» ይሉና ደስ ብሏቸው ይሄዳሉ። ስምንት ጥቅምት እንዲሁ ዋሸቻቸው። በዘጠነኛው አልመጡም፤ አርፈው ነበር።

በዚያው ዓመት የከተማዋ ጉድጓድ ደረቀ። የውሃ ሰዎች ሲጠይቁ ሲያስጠይቁ፣ መምህር ላቀው በወጣትነታቸው ተራራውን በእግራቸው ዞረው አርባ አንድ ምንጭ በመጽሐፋቸው እንደ መዘገቡ ተሰማ። መጽሐፉ ይፈለግ ተባለ። በዚያው ሳምንት ኮምፒውተር ስለሚገባ በካታሎግ ክፍል አንድ ሰው ብቻ ይቀራል የሚል ደብዳቤ ደረሰ። ኃላፊው አቶ ንዋይ ሁለቱን ነገር አንድ ላይ ቋጠሩት።

«መጽሐፉን ያገኘ ወንበሩን ይይዛል። ሌሎቻችሁ ቄራ ሄዳችሁ ቆዳ ትመዘግባላችሁ።»

አምሳለ ደም ስታይ ራሷን የምትስት ሴት ናት። ጡረታዋ ሊደርስ አራት ዓመት ቀርቷታል። ፈራች።

ደረሰ ቀደመ። ከዓመታት በፊት የሁለት ሳምንት ሥልጠና ወስዶ ሲመለስ «በዓለም ሕግ የአባት ስም ይቀድማል» ብሎ ካርዱን ሁሉ የገለባበጠው እሱ ነው። በዚህ አገር ሟች እንኳ የሚለቀሰው በራሱ ስም መሆኑን ማን ይንገረው! እናም ላቀውን ትቶ ኃይሉን ፍለጋ ገባ። «ሀ» ላይ የለም። «ኀ» ላይም የለም። እነዚህ ሞክሼ ፊደሎች ስንቱን አንባቢ አንከራትተዋል! ሦስት ቀን ካርድ በካርድ ሲያገላብጥ ጣቱ ተላጠ። በመጨረሻ «ሐ» ላይ አገኘው፤ «ሐይሉ፣ ላቀው። የከተማችን ዓይኖች።» ቁጥሩን ሲያይ ግን የዓይን ሕክምና ነው።

«ይሄ ሐኪም ነው፤ የስም ሞክሼ መሆን አለበት» አለና ካርዱን ወደ መሳቢያው መለሰው።

አምሳለ ግን በትከሻው በኩል አይታው ነበር። በእርሳስ የተጻፈው ቁጥር የራሷ እጅ ነው። ትዝ አላት። አርባ መጽሐፍ በአንድ ካርቶን የመጣ ዕለት አቶ ንዋይ «ርዕሱን እያየሽ ቁጥር ስጪ፤ ልታነቢው ነው እንዴ?» ብለው ሲያዋክቧት፣ «ዓይኖች» የሚለውን አይታ ሳትገልጠው ወደ ሐኪሞች መድባዋለች። አሁን ዝም ብትል ጥፋቷን የሚያውቅባት የለም። ብትናገር የሃያ ስድስት ዓመት ስሟ ይሄዳል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም።

«አውጣው፣ ደረሰ። መምህር ዓይን ያሉት የውሃውን ዓይን፣ ምንጩን ነው። ሳልገልጥ የዓይን ሐኪም ያደረግኋቸው እኔ ነኝ።»

ሦስቱም ወደ መደርደሪያው ሮጡ። ባዶ ነው። ከስምንት ዓመት በፊት አንድ ኮሚቴ ያረጁ የሕክምና መጻሕፍትን በጆንያ አውጥቶ ለባለሱቅ ሰጥቷል። በርበሬ ተጠቅልሎባቸው አልቀዋል። አምሳለ መሬት ላይ ተቀመጠች።

ጌጡ ጆሮው ቀላ። ወደ ክፍላቸው ተመልሶ አምሳለ ጠረጴዛ ሥር ተንበረከከ። ድሮ ሲነቃነቅ ከነበረው እግር ሥር አንድ ወፍራም መጽሐፍ መዝዞ አቧራውን በእጅጌው ጠረገ፤ «የከተማችን ዓይኖች» ይላል።

«ከጆንያው የሰረቅኋት እኔ ነኝ» አለ። «ጠረጴዛሽ ሲያስቸግርሽ አይቼ ነው፣ እትዬ አምሳለ። ልኩ ነበረች።»

ያኔ ምን እንደሆነች ገልጦ አላየም፤ ውፍረቷን ብቻ አየ። አምሳለም «አንባቢ ወስዷታል» ስትል የኖረችው በዚያችው መጽሐፍ ላይ በቆመው ጠረጴዛ ክንዷን አስደግፋ ነው። ይህን ስታስብ ተንሰቅስቃ አለቀሰች። የኋላውን ሽፋን ገለጠችው። የተዋሰ ሰው የሚፈርምባት ወረቀት ነጭ ናት።

ጭቅጭቁ ተጀመረ።

«ካርዱን ባላወጣ ኖሮ በምን ታውቁ ነበር?» አለ ደረሰ።

«መልሰኸው ነበር እኮ!» አለች አምሳለ።

«እኔ ባልሰርቃት ዛሬ የት ነበረች?» አለ ጌጡ።

«ያጠፋችኋትም ሦስታችሁ ናችሁ» አሉ ጩኸቱን ሰምተው የገቡት አቶ ንዋይ፤ ስለ ካርቶኑ ቀን ግን ትንፍሽ አላሉም። አብሯቸው የመጣው የውሃው ሰውዬ መጽሐፉን ከአምሳለ እጅ ነጥቆ ወጣ። በሳምንቱ ሁለት ምንጭ ተቆፍሮ ውሃ ወጣ፤ ከተማውም ጠጣ። ሰውዬው ሲወስድ ስላልፈረመ መምህር ላቀው እስከ ዛሬ አንድም አንባቢ አልተመዘገበላቸውም።

አቶ ንዋይ እየወሰኑ ነው። ሦስቱ ደግሞ በዚያው ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ይጠብቃሉ፤ ጠረጴዛው እንደ ገና መነቃነቅ ጀምሯል። እናንተ የሰማችሁ ፍረዱ። አንዱ የመምህሩን ስም ሸሽጎ ያንኑ ስም አገኘ። አንዷ ትርጉሙን አጥፍታ፣ ዋሽታም፣ በራሷ ላይ መሰከረች። አንዱ ምን እንደሆነች ሳያውቅ ሰርቆ ሳያውቅ አዳናት። «ተመስገን» እያሉ የሞቱትን ሽማግሌም እንዳትረሱ። ወንበሩ የሚገባው ለማን ነው?