ነጋዴው ያላወቀው መልክ

አንድ ሠዓሊ ነበረ፤ አገሩ ስዊድን። ወዳጄ ዘርጋው፣ ወሬ ለማስቀየር እንዳይመስልህ። «ራሴን ከእኔ በላይ ማን ያውቀኛል?» ላልከኝ መልስ ነውና ረጋ ብለህ ስማኝ።

የዚህ ሰው ሥራ የሰው መልክ መሣል ነበር። ፎቶግራፍ ገና አልመጣም ነበር። ሲያሻው ደግሞ መልኩን በመዳብ ዝርግ ላይ በመርፌ ይጭርና፣ ጭረቱን ቀለም አስጠጥቶ፣ ወረቀት አልብሶ በማተሚያ ይጫነዋል። ታዲያ መዳቡ ላይ የተጫረው ወረቀቱ ላይ ተገልብጦ ነው የሚወጣው፤ ግራው ቀኝ፣ ቀኙ ግራ ይሆናል። ስለዚህ ሙያውን የሚያውቅ አስቀድሞ ገልብጦ ይጭራል።

በዚያው ከተማ አንድ ሀብታም የእንጨት ነጋዴ ነበረ። ሚስቱ ሞታበታለች። ያለችው አንዲት ልጅ ናት፤ እሷም ባሕር ማዶ ተድራ በመርከብ ልትሄድ ነው። በዚያ ዘመን እንዲህ የሄደ አይመለስም። ነጋዴው ሠዓሊውን አስጠርቶ «ልጄ ፊቴን ይዛ ትሂድ፤ እዚያ ሆና እንዳትረሳኝ» አለው።

ሠዓሊው ሣለ። ሥዕሉ ሲያልቅ ነጋዴው አየውና ቱግ አለ።

«ይሄ ማነው? ምን በድዬህ ነው አፌን ያጣመምከው? ይሄ ቁጡ ሽማግሌ እኔ ነኝ? ሂድ፣ እንደገና ሥራው!»

«እንዳየሁዎት ነው የሣልኩት ጌታዬ» ቢል ማን ሰምቶት! መርከቧ ደግሞ በማግስቱ ትነሳለች። ሠዓሊው ምኑን እንደሚያስተካክል ግራ ገባው። ሌላ ቀለም ቅብ ቶሎ ስለማይደርቅ፣ ያንኑ ሥዕል እያየ መዳብ ላይ ጭሮ ሊያትም ተቀመጠ። ከጥድፊያው የተነሳ መገልበጡን ረሳው። ወረቀቱን ከማተሚያው ሲያነሳ ግራው ቀኝ ሆኖ ቁጭ ብሏል። «ወይ ጉዴ!» አለ። ምን ያድርግ፣ እያፈረ ወረቀቱንም ሥዕሉንም ይዞ ሄደ።

ነጋዴው ግን ወረቀቱን ሲያይ ፊቱ በራ። «እሰይ! እኔ ማለት ይሄ ነው! ምናለ መጀመሪያውኑ እንዲህ ብትሠራው?» ብሎ ልጁን ጠራት።

ልጅቱ ወረቀቱን ይዛ ወደ መስኮቱ ጠጋ አለች። «ይሄ ማነው? አጎቴ ነው እንዴ?» አለች። ከዚያ ሠዓሊው ግድግዳው ሥር ያስቀመጠውን ሥዕል አየችና እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። «አባዬ!» አለች። ለሥዕሉ ነው ያለችው።

ነጋዴው ክው አለ። ሠዓሊው ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን መስተዋት አወረደና በሥዕሉ ፊት ያዘው። ነጋዴው መስተዋቱ ውስጥ ቢያይ የወደደው መልክ እዚያ አለ፤ ያው የጠላው ሥዕል ነው። ሰውየው ፊቱን በመስተዋት እንጂ በሌላ አይቶት አያውቅማ! መስተዋት ደግሞ ይገለብጣል።

«ሁልጊዜ እንዲህ ነው የምመስልሽ?» ሲል ሥዕሉን እያሳየ ልጁን ጠየቃት።

«አዎ፣ አባዬ። ስትቆጣም ስትስቅም አፍህ በዚሁ በኩል ነው የሚጣመመው። እኔ የምናፍቀው ይሄንን ነው» አለችው።

ነጋዴው ሥዕሉን በገዛ ካፖርቱ ጠቅልሎ መርከቧ ድረስ ተሸከመላት። ወረቀቱን ለራሱ አስቀረው።

እንግዲህ ዘርጋው፣ ልጅህ «ቁጣውን አልቻልኩም» ብላ እህትህ ቤት ከገባች ወር አለፋት። አንተ «እኔ ቁጡ አይደለሁም፣ ውሸቷን ነው» ትላለህ። ውሸቷን አይደለም። አንተም አልዋሸህም። አንተ የምታውቀው በልብህ ያለውን ነው፤ እሱን እሷ አታየውም። እሷ የምታውቀው በሩን ከፍተህ ስትገባ ያለውን ፊት ነው፤ እሱን ደግሞ አንተ አንድም ቀን አላየኸውም። የነጋዴውን ልጅ መርከብ ይጠብቃት ነበር። ያንተ እኮ በታክሲ የሚደረስባት ናት! ዛሬውኑ ሂድና «ምን እመስልሻለሁ?» በላት። ስትነግርህ ታዲያ፣ አደራህን፣ ቱግ እንዳትል።