አንድ ሺህ ዘጠኝ ሰው

ፊታውራሪ ጓንጉል፣ የበዓላት ማውጫውን ባሕረ ሐሳብ ተምሬያለሁ እያሉ በቁጥር ሰው ማስጨነቅ የሚወዱ ሹም ነበሩ። በግዛታቸው ምላሱ የማያርፍ አንድ ገበሬ ነበርና እሱን በሰው ፊት ሊያዋርዱ አሰቡ። ትልቅ ግብር ደግሰው፣ የሚበላውን ሰው አንድ በአንድ አስቆጥረው፣ ልክ አንድ ሺህ ዘጠኝ ላይ አቆሙ። ከዚያ ገበሬውን አስጠሩት።

«ከእኔም ከአንተም ጋር አንድ ሺህ ዘጠኝ ነን» አሉት። «በየመሶቡ ዙሪያ እኩል እኩል ሰው አስቀምጥ። ለብቻው የሚቀመጥም፣ ቆሞ የሚቀርም እንዳይኖር። አንድ ሰው ቢተርፍ ሁለቱን የእርሻ በሬዎችህን ለግብሩ አርዳቸዋለሁ።»

ለግብሩ የተጠሩት ካህናት በጣታቸው ማስላት ጀመሩ። ለሁለት ቢያካፍሉት አንድ ተረፈ፤ ለሦስትም፣ ለሰባትም፣ ለስምንትም አንድ ተረፈ። ለካ ቁጥሩ ከአንድና ከራሱ በቀር ለምንም አይካፈልም። ፊታውራሪ ጢማቸውን እየዳበሱ ፈገግ አሉ።

ገበሬው ግን መቶ ሃያ ስድስት መሶብ አስቀርቦ በእያንዳንዱ ዙሪያ ስምንት ስምንት ሰው አስቀመጠ። በመጨረሻው መሶብ እሱም ስምንተኛ ሆኖ ተቀመጠና እጁን ታጠበ።

«እኔ ተርፌያለሁ» አሉ ፊታውራሪ ቆመው። «በሬዎቹን አምጡ።»

«ጌታዬ» አለ ገበሬው፣ «እርስዎ ከተሾሙ ጀምሮ የሚበሉት መጋረጃ አስጋርደው ለብቻዎ ነው። አንድ ቀን እንኳ ከሰው ጋር መሶብ ቀርበው የማያውቁትን፣ ዛሬ ማን ከሰው ቆጠረዎት?»