የዘንዶው ፊልም እና ልብስ ሰፊዋ

ኃይለልዑል ስመ ጥር የፊልም ዳይሬክተር ነበር፤ መወደስም አይጠግብም። አገር በሙሉ የሚወደውን አንድ የቆየ ልብ ወለድ ከነዘንዶው፣ ከነአስማተኛው ፊልም አደረገውና በትልቅ አዳራሽ አስመረቀው። ፊልሙ ግን በጣም ረዘመ። ጦርነቱ አልቋል ሲባል እንደገና ይጀምራል፤ ንጉሡም ተወግቶ ከወደቀ በኋላ እንኳ ንግግሩ አያልቅም።

መብራቱ ሲበራ ታዳሚው አጨበጨበ። ፊተኛው ረድፍ ላይ ግን አንዲት ሴት አንገቷን ዘንበል አድርጋ ታንኮራፋለች። የፊልሙን ወታደሮች ካባ በሙሉ የሰፋችው፣ ለአንደበቷ ልጓም የሌላት ልብስ ሰፊ ነበረች።

የዳይሬክተሩ ደም ፈላ። አስቀስቅሶ መድረክ ላይ አስወጣትና ማይክራፎኑን አስጨበጣት።

«እትዬ፣ የሁለተኛውን ክፍል ልብስም መስፋት ይፈልጋሉ?» አላት ፈገግ ብሎ።

«እንዴታ! ሌላ ምን ሥራ አለኝ?»

«እንግዲያው ፊልሜ ከመጽሐፉ እንደሚበልጥ በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ይመስክሩ። መጽሐፉን አንብበውታል አይደል?»

ሴትዮዋ ሥራዋን ማጣት አልፈለገችም፤ መዋሸትም አስጠላት። ዓይኗን አሸት አሸት አደረገች።

«አንብቤዋለሁ» አለች። «እውነቱን ለመናገር ፊልሙ ይበልጣል።»

ዳይሬክተሩ ደረቱን ነፋ። «ሰማችሁ? በምን እንደሚበልጥም ይንገሯቸው እንጂ!»

«በደግነቱ ነዋ፣ ጋሼ» አለች። «መጽሐፉ ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ ነስቶኝ ነበር። የእርስዎ ፊልም ግን ሁሉንም በአንድ ቁጭታ መለሰልኝ።»